የወንድምሽ ንጹሕ መዝገብ

ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እኛ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነን።

ወንድምሽ ሽጉጥ ለመግዛት አመልክቷል። ቢሮው የገዢውን ታሪክ አጣርቶ ነው የሚፈቅደው። ጎረቤታችን ዘበኛው ስሙ ከአንድ ወንበዴ ስም ጋር ስለገጠመ ተከለከለ፤ ዝንብ እንኳ ይቅርታ ጠይቆ የሚያባርር ሰው! የወንድምሽ መዝገብ ግን ንጹሕ ነው ተባለ። ጸሐፊዋ "እማማ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደጉ ይባረኩ" አለችኝ። መዝገቡን ያጸዳሁትማ እኔ ነኝ። የሚስቱን ክንድ የሰበረ ጊዜ ሐኪሙን "ከደረጃ ወድቃ ነው" አልኩት። ቤታችን ደረጃ እንደሌለው ታውቂያለሽ።

አሁን የቀረው የአንድ የቤተሰብ አባል ምስክርነት ነው። ቅጹን አምጥቶ "እማዬ፣ እዚች ጋ ፈርሚ" አለኝ። መነጽሬ ጠፋ ብዬ ሦስት ቀን አቆየሁት። በአራተኛው ቀን አዲስ መነጽር ገዝቶልኝ መጣ። እምቢ እንዳልል፣ እኔም ሚስቱም የምናድረው እሱው ቤት ነው። ቢጨንቀኝ "የተማረችው እህትህ ትመስክርልህ፣ የእሷ ቃል ይከብዳል" አልኩት። ደስ ብሎት ስልክ ቁጥርሽን ቅጹ ላይ ሞላ።

ሰሞኑን ከቢሮው ይደውሉልሻል። አደራ ልጄ፣ የምታውቂውን ሁሉ ንገሪያቸው፤ አንቺ ጋ እጁ አይደርስም። ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ቅደጂው። እኔ የዋሸሁበትን ዕድሜ ለአንቺ ጨምሮ ይስጥሽ።

እናትሽ