ከቅዳሴ በፊት ኬክ ያልሸጡት የወይዘሮ አቻማ ፖተን የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አቻማ ፖተን ከአባታቸው ከአቶ ቼሪያንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ራሄላማ እ.ኤ.አ. በማርች 1940 በሕንድ ኬረላ፣ ቻንጋናሴሪ ከተማ ተወለዱ። አስተማሪ መሆን ይፈልጉ ነበር፤ አባታቸው ሲያርፉ ግን ታናናሾቻቸውን ለማሳደግ ከዐሥረኛ ክፍል ትምህርታቸውን አቋረጡ። በ1961 ዳቦ ጋጋሪውን አቶ ፖተንን አግብተው ኢየፔንንና ሶሳማን ወለዱ። ባለቤታቸው በ1979 ሲያርፉ ዳቦ ቤቱን ተረክበው ልጆቻቸውን በዚያው አስተማሩ።

ጠባያቸውን እዚህ ማሳመር አያስፈልግም። ቁጡ ነበሩ። «ሰው አስቀይመው አያውቁም» ቢባል ለቀብር ከተሰበሰበው ግማሹ ይስቃል።

ዲሴምበር 25 ከሚከበረው ገና በፊት ያለውን የሃያ አምስት ቀን ጾም ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ አንድም ዓመት አላስታጎሉም። ችግሩ የዳቦ ቤቱ ትልቁ ገበያ በዚሁ ጾም ላይ መዋሉ ነው። የገና ኬክ ደግሞ እንቁላልና ቅቤ አለበት። ሠራተኞቹም የአጥቢያው ልጆች ስለነበሩ ሁሉም ይጾሙ ነበር። ስለዚህ ለሃያ ዓመት ያህል ኬኩን የሚቀምሱላቸው ሙስሊሟ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ናቢሳ ነበሩ። «አንቺ አቻማ፣ ያንቺ ጾም እኔን አወፈረኝ» ይሏቸው ነበር።

በ2000 ረመዳንና የገና ጾም አንድ ወር ላይ ገጠሙ። ይህን ቀድሞ ማየት የነበረበት ሂሳብ ያዡ፣ ባለ ዲግሪው ኢየፔን ነበር፤ አላየውም። ወይዘሮ ናቢሳ «ካፈጠርኩ በኋላ መጥቼ እቀምሳለሁ» ብለው ነበር። ትእዛዙ ግን በዝቶ ስለነበር እሳቸው እስኪደርሱ ኬኩ ተጠቅልሎ ወጥቶ ነበር። ለማቅለሚያ የሚቃጠለው ስኳር ከልክ በላይ አርሮ ኖሯል። በገና ጠዋት ከተማው ሁሉ እንደ እሬት የመረረ ኬክ ቆረሰ።

ወይዘሮ ናቢሳ እያለቀሱ ሲመጡ ወይዘሮ አቻማ፣ «አንቺ ምን አጠፋሽ? አንቺም ጾምሽን ጾምሽ፣ እኔም ጾሜን። ያቃጠለን ጥድፊያችን ነው» አሏቸው።

ኢየፔን ግን አልተዋጠለትም።

«እማዬ፣ አንዲት ማንኪያ ብትቀምሺ ኖሮ ይሄ ሁሉ ውርደት አይመጣም ነበር።»

«ከዛሬ ጀምሮ ከገና ቅዳሴ በፊት ኬክ አንሸጥም።»

«ቀልድሽን ነው? ሌላው ዳቦ ቤት ከኖቬምበር ጀምሮ እየሸጠ፣ እኛ ሰው ጠግቦ ሲጨርስ ልንከፍት?»

«ጌታ ሳይወለድ ኬኩ ካለቀ፣ በልደቱ ቀን ምን ልናከብር ነው ልጄ? ጥጋባችንን?»

እንዳሉት አደረጉ። በ2001 ከቅዳሴ ወጥቶ ወደ ዳቦ ቤቱ ጎራ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሦስት ሠራተኞች ተሰናበቱ። ኢየፔን «ቤታችንን በእልኸኝነት ዘጋሽው» ብሎ ዱባይ ገባ፤ ለሰባት ዓመትም ለገና አልመጣም። ወይዘሮ አቻማ የሚሸጡበትን ቀን አልቀየሩም። ቀስ በቀስ ልጆች የያዙ ቤተሰቦች ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ መምጣት ለመዱ። ወይዘሮ አቻማም ጾሙን አብረዋቸው ፈትተው፣ ከደንበኞቻቸው ጋር ቆመው ይበሉ ነበር። ያም ሆኖ የዳቦ ቤቱ ገበያ እንደ ድሮው አልሆነም። ኢየፔን በ2008 ተመልሶ ሥራውን ቢይዝም፣ እናቱ ከልጃቸው ይልቅ ግትርነታቸውን መርጠዋል የሚለው ቅሬታ ከልቡ አልወጣም።

ወይዘሮ አቻማ ባለፈው ኖቬምበር በጉበት ሕመም አልጋ ያዙ። ጾሙ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ሐኪሙ እንቁላልና ወተት አዘዘላቸው። ኢየፔን እንቢታቸውን ስለሚያውቅ የሚከራከርበትን ሁሉ አዘጋጅቶ፣ ቄሱንም ይዞ ገባ። ቄሱ «እናቴ፣ ሕመምተኛ ጾም የለበትም፤ ፈትቼሻለሁ፤ ብዪ» አሏቸው።

ወይዘሮ አቻማ ቀና አሉ። «እሺ አባቴ። ኢየፔን፣ እንቁላሉን አምጣው።»

ልጃቸው ሳህኑን እንደያዘ ቀረ። «ሰባ ስድስት ዓመት ሙሉ? እንዲህ በቀላሉ?»

«ጹሚ ስትለኝ የጾምኩላት ቤተ ክርስቲያን ናት አሁን ብዪ ያለችኝ። የራሴ ግትርነት መስሎህ ነበር እንዴ?»

ኢየፔን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በማንኪያ አጎረሳቸው፤ እስከ መጨረሻውም ቀን ይህን ለማንም አልተወም።

ወይዘሮ አቻማ ዲሴምበር 19 ቀን 2023፣ በ83 ዓመታቸው፣ ጠዋት ላይ ዐረፉ። ልጆቻቸው ኢየፔንና ሶሳማ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም ከአልጋቸው አጠገብ ያልተለዩት ወይዘሮ ናቢሳ ቀርተዋል።

ለገና ስድስት ቀን ሲቀራቸው ነው የሄዱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጾም የጠበቁት ጌታ፣ ዛሬ እርሱ በደጁ ቆሞ ይቀበላቸው። እኛንም ልደቱ ሳይደርስ ከመጥገብ ይጠብቀን።