ስሙ የማይነገረው ቅጠል

ውዴ ሲሳይ፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ተዝካርህን ባቅሜ አውጥቻለሁ፤ ሙት ዓመትህም አለፈ። ሰው ሁሉ አሁንስ ሀዘኑ ይበርድላታል ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ዛሬም ከትምህርት ቤት ስመለስ የስፌት መኪናህን ድምፅ ከመንገድ ጀምሬ አዳምጣለሁ። ናፍቀኸኛል።

ቤቱ ትንሽ ተቀይሯል። መኪናህን ወደ ጓዳ አስገብቼ፣ በመስኮቱ በኩል የአክስትህን የእትዬ ወለላን አልጋ ዘርግቻለሁ። ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው አብጦ ነው ከአገራቸው ከጋዝጊብላ ያመጣኋቸው።

አዎ፣ ያን ቅጠል የሰጡህ እሳቸው። ወቅጠው በጨርቅ ቋጥረው ሲሰጡህ ለልብ ፍቱን እንደሆነ፣ ስሙን ለሰው ከተናገርክ ግን እንደሚረክስ ነግረውሃል። ጠዋት ጠዋት ከማንም ሳትነጋገር ጓሮ ወጥተህ ስትጠጣው፣ ፊትህን ስታኮማትር፣ በመስኮት እያየሁ እስቅብህ ነበር። የጎረቤት ምስጢር እስከ ምሳ መያዝ የማትችል ሰው፣ ይቺን ብቻ ጥርስህን ነክሰህ ያዝካት።

ሆስፒታል የሄድን ዕለት ሐኪሟ የደም ግፊት ኪኒን ከማዘዟ በፊት ሌላ የምትወስደው መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችህ። የለም አልክ። ወደ እኔ ዞረች፤ አንገቴን ደፋሁ። ልጆችን ጠይቁ፣ ተናገሩ እያልኩ ስወተውት የምውል አስተማሪ፣ መድኃኒትህ እንዳይረክስብህ ፈርቼ ዝም አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኛ ግን የደበቅነው መድኃኒቱን ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም ትወስድ ጀመር። ስትነሳ ያዞርሃል፣ ግድግዳ ትይዛለህ፤ አንድ ጠዋት ወድቀህ አልተነሳህም። ከቅጠሉ ይሁን ከልብህ ከራሱ፣ እስከ ዛሬ እርግጡን የነገረኝ የለም።

ባለፈው ወር እትዬ ወለላን ወደዚያችው ሐኪም ወሰድኳቸው። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀች። እሳቸው የለም ሲሉ እኔ አለ፣ ያንኑ ቅጠል ይጠጣሉ አልኩ። ሐኪሟ አልተቆጣችም። በሰውነታችን ውስጥም ማረሻን እንደሚበላው ዝገት ያለ ነገር እንዳለ፣ ልብንና የደም ሥርን እንደሚጎዳ፣ አንዳንድ ተክል ደግሞ ይህን የሚከላከል ነገር ሊኖረው እንደሚችል አስረዳችን። ሊኖረው ይችላል ማለት ግን ያድናል ማለት አይደለም፤ ከኪኒን ጋር ሲገናኝም ግፊትን ከልክ በታች የሚያወርድ አለ። ስለዚህ ቅጠሉ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። እትዬ ወለላ ተነሥተው ወጡ። ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ቀድመውኝ ተዘጋጅተው ቆዩኝ። ሐኪሟ ፊት እንደተቀመጡ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው፣ ለገበያ በመጣ ሰው ያስመጡትን እርጥብ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ስሙን አልተናገሩም፤ አሳዩ። ሐኪሟ እስክታጣራ እንዲያቆሙት ስትነግራቸው እሺ አሉ።

ሲሳይ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። ቃልህም አይፈርስ፣ ስሙም አይነገር፤ ያኔ አንዲት እርጥብ ቅጠል ከአክስትህ ለምኜ፣ ቋጥሬ መሄድ ብቻ ነበር የሚበቃው። አልታየኝም።

አልረሳህም። ሰው ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ደግነትህን እናገራለሁ፣ ሳቅህን እናገራለሁ፤ እኔም ያን ቀን ዝም ማለቴን ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ያንተው ባለቤት