ግራና ቀኙ የማይመሳሰል ፍሬን

እኔ ኦበርዳን ዛቫሊ፣ የብሪዚጌላ ነዋሪ፣ የሰባ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ፣ ሳንባዬ ቢደክምም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ የሙታን በዓል በዋለ ማግስት፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1998፣ በውል አዋዋዩ በሲኞር ቤልትራሚና በሁለት ጎረቤቶቼ ፊት ይህን ቃሌን አጽፋለሁ።

ቤቱና የወይን እርሻው ለልጆቼ ለሌያርኮና ለኒቬስ እኩል ይሁን። በዚህ የሚጣሉ አይመስለኝም፤ ለመጣላት መነጋገር ያስፈልጋልና። እናታቸው ከታመመችበት ጊዜ ጀምሮ፣ ማን አስታመመ ማን ሸሸ ተባብለው ተኮራርፈዋል። እሱ በፊት በር ሲገባ እሷ በጓሮ ትወጣለች።

ቀይዋን ሞተር ብስክሌቴን ሁለቱም ይፈልጓታል። ለሁለቱም በአንድነት አውርሻለሁ፤ ምክንያቱን ልናገር።

ባለፈው ዓመት የፊት ጎማዋን የፍሬን ዲስኮች ግራና ቀኝ የሚጨብጡት ካሊፐሮች ዝገው ተጣበቁ። የድሮው ዓይነት ዛሬ አይሠራም። ሌያርኮ ለልደቴ አንድ ይዞልኝ መጣ፤ "አባባ፣ ብዙ ፈለግሁ፣ ጥንዱ የለም" አለኝ። በዚያው ሳምንት ኒቬስ፣ ወንድሟ ማምጣቱን ሳታውቅ፣ እሷም አንድ አመጣች። የእሱ የቀኝ፣ የእሷ የግራ! ፋብሪካቸው ግን ለየቅል ነው፤ የአንዱ ፒስተን ትልቅ፣ የሌላው ትንሽ። ጎረቤቴ ፕሪሞ አይቶ፣ "አብደሃል እንዴ? አንዱ ጠበቅ አድርጎ ሲይዝ ሌላው ይለግማል። ገደል ነው የምትገባው!" አለ። እኔ ግን ገጠምኳቸው።

ከሙራሊዮኔ ተራራ ስወርድ፣ መታጠፊያውን እንዳለፍኩ የበግ መንጋ መንገዱን ሞልቶት አገኘሁ። የፍሬኑን እጀታ ጨበጥኩ። ሞተሬ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች፤ የፊት ጎማዋ የአንዷን በግ ፀጉር ነክቷል። በዕድሜዬ እንደዚያ ተደንቄ አላውቅም። አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ እነዚያን የማይመሳሰሉ ብረቶች እያየሁ አለቀስኩ። እረኛው ሮጦ መጥቶ፣ "ምን ሆኑ አባቴ? ተጎዱ?" ቢለኝ፣ "ልጆቼ ያዙኝ" አልኩት።

ስለዚህ ካሊፐሮቹን መቀየር ከልክያለሁ። የፍሬኑ ዘይት ግን በየዓመቱ ይቀየር። በቤታችን ልማድ፣ ዘይት ሲቀየር ቱቦው ውስጥ የሚገባው አየር የሚወጣው በሁለት ሰው ነው፤ አንዱ እጀታውን ጨብጦ "ያዝኩ!" ይላል፣ ሌላው ከታች የአየር ማውጫውን ቡሎን ከፍቶ ይዘጋና "ልቀቅ!" ይላል። ሳይነጋገሩ አይሆንም።

እዚህ ላይ ፕሪሞ፣ "አየሩን ብቻህን የምታወጣበት ፓምፕ ጋራዥህ ውስጥ አለ አይደል እንዴ?" ብሎ አቋርጦኛል። ይህም ይጻፍ። ፕሪሞ፣ ምስክር ስለሆንክ ላወርስህ አልችልም፤ ፓምፑን ዛሬውኑ ይዘኸው ሂድ። ልጆቼ አውሰን ቢሉህ የለኝም በል።

ቃሌ ተነቦልኝ፣ የእኔው መሆኑን አረጋግጬ ፈረምኩ።

ኦበርዳን ዛቫሊ

ምስክሮች፦
ቴሬዚና ሞንቲ
ፕሪሞ ጋርዲኒ (ፓምፕ የለኝም።)