ጋሽ ግድግዳ እና የመጪው ዓመት ዐውደ ርዕዮች

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ግድግዳ» እያለ የሚጠራቸው አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው የጎረቤቱን ልጅ ሁሉ ሲያዋልዱ ኖረው፣ የራሳቸው ተራ ሲደርስ ግን ማንንም ሳይጠሩ መገላገላቸውን ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩት ኖረዋል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያቸው በነበረው ትምህርት ቤት ገብተው አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቁ። በሥዕል ክፍለ ጊዜ የሣሉት በሬ ቁርጥ ጠረጴዛ መስሎ በመገኘቱ መምህራቸው ወረቀቱን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ «እጅህ አልታዘዘልህም፤ ዓይንህ ግን የዋዛ አይደለም። በል የጓደኞችህን ምረጥና ግድግዳው ላይ ስቀል» አሏቸው። አባታችን ከዚያ ወዲህ ለራሳቸው አንዲት መስመር አልሣሉም፤ የሌላውን ሥራ ሲመርጡና ሲሰቅሉ ኖሩ እንጂ።

በ1973 ዓ.ም. በታሪክ ትምህርት ተመርቀው በሁለተኛ ደረጃ መምህርነት ተቀጠሩ። በዚሁ ሥራ ላይ ሳሉ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ከሚገኝ መድኃኒት ቤት የራስ ምታት ክኒን ሊገዙ ገብተው ፋርማሲስቷን እናታችንን አዩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ራስ ምታቱ አልለቅ አላቸው። እናታችን መመላለሱ ሲበዛባቸው፣ «መምህር፣ ይኼ ነገር ሐኪም ሳያየው አይቀርም» ቢሏቸው፣ «ሐኪሙማ አልጠፋኝም» ብለው መለሱ። በ1981 ዓ.ም. ጋብቻቸውን ፈጽመው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

የእናታችን እናት፣ አያታችን፣ በሰፈሩ የተከበሩ ልብስ አጣቢ ነበሩ። የሆቴሉን አንሶላ፣ የሐኪም ቤቱን ጋዋን አጥበው የሚያሰጡት ከቤታቸው ፊት ለፊት በነበረው ሜዳ ላይ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየሙ እዚያው ሜዳ ላይ ሲሠራ ገመዳቸው ተነሣ፤ ሕንፃው ከፍ ሲል ደግሞ ግቢያቸው ሳይቀር ጥላ ሆነ። በዓመቱ አባታችን ማስተማሩን ትተው የሙዚየሙ የዐውደ ርዕይ አሰናጅ ሆኑ። አያታችን ይህን ሲሰሙ እናታችንን ጠርተው፣ «ሥራ ጠፍቶ ነው ባልሽ ፀሐዬን የወሰዱት ሰዎች ጋ የገባው?» አሏቸው።

ቂማቸው ግን ከሕንፃው ጋር እንጂ ከአማቻቸው ጋር አልነበረም። አባታችን በየቀኑ መንገዱን ተሻግረው ምሳቸውን የሚበሉት አያታችን ቤት ነበር። ኤግዚቢሽን በተከፈተ ቁጥር ይጋብዟቸዋል፤ አያታችንም በተጋበዙ ቁጥር እግራቸውን ያማቸዋል፤ በዚያው ዕለት ግን ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ይታያሉ። አባታችን አንድም ቀን አልተከራከሯቸውም።

ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ባዶ ግድግዳ ፊት አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ በሙዚየሙ የመስኮት መስታወት ስለሚያዩዋቸው ነው። እሳቸው በዓይነ ኅሊናቸው የሚያዩት ከዓመት በኋላ የሚሰቀለውን ነበር። እናታችንም፣ «አባታችሁ ከእኛ ጋር እራት ይበላል እንጂ የሚኖረው የሚቀጥለው ዓመት ውስጥ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ቢወጡም ሙዚየሙ በኮንትራት አስቀራቸው። የመጨረሻ ሥራቸው የመጪው ዓመት መርሐ ግብር ሆነ። ዓመቱ ወጣት ቀራፂዎች ከውዳቂ ብረት በሠሯቸው ቅርፆች ይከፈታል፤ የሚዘጋው ደግሞ የአንዲት ዓይነ ስውር ሸክላ ሠሪ ሥራዎች ቀርበው ጎብኚው በእጁ እየዳሰሰ በሚያያቸው ዐውደ ርዕይ ነው። በመሀል «ሜዳው» የሚል አለ፦ የሰፈሩ ሰው ያስቀመጣቸው ፎቶግራፎች፣ የልጆች የጨርቅ ኳስ፣ የአያታችንም የልብስ ገመድ ከነእንጨቱ። አያታችን ይህን ዕቅድ ምሳ ላይ ሲሰሙ ሳህን ማነሣሣት ጀመሩ።

ቦርዱ «ሜዳው» ቀርቶ በምትኩ ስመ ጥር የውጭ ሠዓሊ እንዲጋበዝ ፈለገ። ሰብሳቢው፣ «የልብስ ገመድ ሙዚየም ውስጥ ምን ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁ፣ በዚያን ጊዜ የሳንባ ሕመም የጀመራቸው አባታችን ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ገመዱማ ቀድሞን ነበረ፤ እኛ ነን መጥተን ቦታውን የያዝንበት። እሱ ከቀረ የእኔም ስም አብሮ ይቅር» አሉ። ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ።

ሕመሙ እየጠና ሲሄድ መንገዱን ተሻግሮ ምሳ መብላትም አቃታቸው። አንድ ቀን አያታችን ጠብቀው ጠብቀው ሲቀሩባቸው ሳህኑን በጨርቅ ጠቅልለው ተነሡ። ከመንገዱ ማዶ ሲያውቃቸው የኖረው የሙዚየሙ ዘበኛ ያየውን ማመን አቅቶት በሩን ከፈተላቸው። አያታችን አዳራሹን ቃኝተው፣ «ይኼ ሁሉ ቦታ ባዶውን ነው እንዴ የሚውለው?» አሉ። አባታችን ግድግዳ ይዘው ብቅ ሲሉ ደግሞ፣ «አንተን ብዬ እንጂ ቤቱን ብዬ አልመጣሁም። ብላ፤ በርዷል» አሏቸው።

አባታችን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ሲበሉ አያታችን ወደ ትልቁ መስኮት ጠጋ ብለው ቆሙ። ጥቂት ቆይተውም፣ «ገመዱን መስቀልህ ካልቀረ እዚህ ጋ ስቀለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ያገኛል» አሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ አያታችን ራሳቸው ተገኝተው ገመዱን ለማዋስ መፍቀዳቸውን ሲናገሩ፣ ሰብሳቢው ብድግ ብለው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው፤ «ሜዳው»ም ጸደቀ።

አባታችን በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ግንቦት 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ እጃቸው በእናታችን እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አያታችንም አሉ። ትናንት አጠገባቸው ተቀምጠን ልናጽናናቸው ስንሞክር እጃችንን ይዘው፣ «አፈር የሚያለብሰኝ ልጅ አለኝ ብዬ እኮራ ነበር። ቀባሪዬን ልቀብር ነው» አሉን።

ፈጣሪ የአባታችንን ነፍስ በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለአያታችን ልብ ብርታቱን ይስጥልን።