ጨለማው ጉልበት

ኅዳር 3
ሁለት ጫማ ጠገንኩ። ሲመሽ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ልጄ ካወቀች አለቀልኝ... «አባዬ፣ ይሄ ደረጃ አንድ ቀን ይጥልሃል፤ እኔ ጋ ትገባለህ» ነው የምትለው። እናቷ ያደራጀችውን ቤት ጥዬ? በመቃብሬ ላይ!

ኅዳር 5
ልጄ መጣች። የሰማይ ነገር ነው የምታጠና፣ ዶክተር ልትባል ነው። ጓዳ ሆና በስልክ ስታወራ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።
«ጨለማው ጉልበት ሳይዳከም አልቀረም...»
ክው አልኩ። ሲጨልም እንደሚብሰኝ ማን ነገራት?
«ከቅርብ ሲለካና ከሩቅ ሲለካ አልገጠመም።»
ከሩቅ ማን ለካኝ? ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው! መስኮቱ ፊት ለፊቴ ነው፣ ሜትርም አያጣ።
«መስፋፋቱንማ መች አቆመ!»
ዳበስኩት። እውነትም አብጧል።

ኅዳር 6
ልብስ ሰፊውን «ጉልበቴ ምን አገባህ?» አልኩት።
«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? እኔ የማውቀው የሱሪዎን ቁመት ነው!»
ኮራ ብዬ ሄድኩ። ሳላነክስ። እስከ መታጠፊያው።

ኅዳር 9
«ነገ ጥናቴን አቀርባለሁ፤ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አትድከም አባዬ» አለችኝ። አትድከም? እኔን? እሄዳለሁ!

ኅዳር 10
ወጣሁት። እንዴት እንደወጣሁት እኔ ነኝ የማውቅ።
አዳራሹ ጢም ብሏል። ልጄ ቆመችና «ዛሬ የማወራው ስለ ጨለማው ጉልበት ነው» አትልም! በሰው ሁሉ ፊት! ብድግ አልኩ፤ ሱሪዬን እስከ ጭኔ ሰበሰብኩ።
«ይኸው! ከቅርብም ከሩቅም ለኩት! ከቤቴ ግን አልወጣም!»
አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ልጄ ግን አልሳቀችም። ጉልበቴን ነው የምታየው።
«አባዬ... ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው ያበጠው?»
ለካ አታውቅም ነበር። ለካ ዓለምን እየገፋ የሚዘረጋ፣ ማንም ያላየው ሌላ ጉልበት አለ። የዓለምን መስፋፋት አጥኚዎቹ ከቅርብና ከሩቅ ሲለኩት አልገጥም ብሏቸው ተጨንቀዋል። እኔ ምን ቤት ነኝ? ራሴን በራሴ አጋለጥኩ።

ኅዳር 24
ከቤቴ አልወጣሁም። የወረደው አልጋው ነው፣ ከፎቅ ወደ ምድር ቤት። ልጄ ከዘራም ገዝታልኛለች። ለልብስ ሰፊው «ኮከብ መጠቆሚያ ነው» አልኩት። «በቀን?» አለኝ። ወደ ፀሐይዋ ቀሰርኩለት።
ማታ ማታ ትደውላለች።
«ጨለማው ጉልበት እንዴት ዋለ?»
«የማንኛችን?» እላታለሁ።