ከአሸዋ ጆንያ ጋር የተወዳደረው ጭነት

ለክቡር የቀላል ሔሊኮፕተር ሙከራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ድሬዳዋ

ሰኔ 12 ቀን 1953 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በሙከራው መዝገብ «በፍርሃት ጮኸ» ተብሎ የተጻፈብኝ እንዲታረምልኝ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካቹ ዱዓሌ ቢሌ የቀፊራ ገበያ ተሸካሚ ነኝ። የውጭ አገር መሐንዲሶች በከተማችን ሙቀት የሚሞክሩት አዲሱ ቀላል የጦር ሔሊኮፕተር ከአብራሪው ሌላ የሚያነሣው አንድ ቀጭን ሰው ብቻ ስለሆነ፣ በእህል ሚዛን ተመዝኜ ሃምሳ ሁለት ኪሎ በመሆኔ ተመረጥኩ። በመዝገቡ ላይ ስሜ «ጭነት» ነው። በዚህ ቅር አልተሰኘሁም፤ ዕድሜ ልኬን ጭነት ስሸከም ኖሬ እኔንም የሚሸከመኝ በመገኘቱ ደስ ብሎኛል።

2. ግንቦት 28 ቀን ወደ ሐርላ ስንበር ዞር ብዬ ባይ የጭራው ብሎን ሊወልቅ ይወዛወዛል። ለአብራሪው በሶማልኛ ነገርኩት፣ በኦሮምኛ ነገርኩት፣ በአማርኛም ነገርኩት፤ የውጭ አገር ሰው ነውና አንዱም አልገባውም። በመጨረሻ «ኡኡ!» ስል ገባውና አወረደን። መሐንዲሶቹ ጭራውን ፈትተው እንደገና ሠሩት፤ ከዚያ ወዲህ ሔሊኮፕተሩ ቀጥ ብሎ ይበራል።

3. መዝጋቢው አቶ አየነው ግን መሬት ላይ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠው «ጭነቱ በፍርሃት ጮኸ» ብለው ጻፉ። በእኔም ቦታ ሃምሳ ሁለት ኪሎ አሸዋ በጆንያ ተጫነ። ይህስ ባልከፋ፤ አቶ አየነው ነገሩን ሻይ ቤት አውርተውት ወሬው እጮኛዬ አገር ጀልዴሳ ደረሰ። የእጮኛዬ የሳሕራ አባት አቶ ገዲ ሽማግሌዎቼን «ልጄን ለዱዓሌ ከምሰጥ ለጆንያው ብሰጥ ይሻለኛል፤ እሱ አልጮኸም» ብለው መለሷቸው። ሳሕራን እወዳታለሁ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልዋጥ ብሎኛል፤ ዛሬ ብመዘን ሃምሳም አልሞላ። መቅለሌ ለሙከራው ጥቅም ቢሆንም ለእኔ ግን አልበጀኝም።

4. ክቡርነትዎን አልዋሽም፤ ፈርቻለሁ። ሆኖም መጀመሪያ ብሎኑን አየሁ፣ ቀጥሎ ጮኽሁ፣ የፈራሁት መሬት ከነካን በኋላ ነው። እባክዎ ቅደም ተከተሉ ይስተካከልልኝ። ሽማግሌዎቼ ዓርብ ተመልሰው ስለሚሄዱ የታረመው ገጽ ግልባጭ ማኅተም ተመትቶበት ይሰጠኝ፤ አቶ ገዲ ማንበብ ባይችሉም ማኅተም ያከብራሉ።

አቶ አየነው የጻፍኩት ልክ ነው የሚሉ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ በእኔ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይብረሩ። ክብደታቸው ከሔሊኮፕተሩ አቅም እንደሚያልፍ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አብራሪው ይውረድላቸው።

እግሬ መሬት ረግጦ ከማቀርበው ሰላምታ ጋር፣

ዱዓሌ ቢሌ
(የጣት አሻራ)