የጠበቀችው «ማ»

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 5፣ 1996

የልጆቹን መዘምራን ቀሙኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ግጥሙን ጽፌ፣ ዜማውን አውጥቼ፣ አንድ በአንድ ያስጠናኋቸውን ልጆች የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ወንድም ዳንኤል ትናንት ከአምልኮ በኋላ ወደ ጥግ ወስዶኝ በሁለት ዓረፍተ ነገር ቀማኝ። «ጋሼ ሃብቶም፣ ለጊዜው ይረፉ። ወላጆች ቅር ብሏቸዋል።»

ይረፉ! ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እረፍት ስጡኝ ብዬ አላውቅም። ቅር ያላት ደግሞ አንዲት ወላጅ ናት፤ የቤቲ እናት ማርታ።

ወንጀሌ ልጅ ማረሜ ነው። ባለፈው ሳምንት እንግዶች በመጡበት ፕሮግራም ቤቲ አንድ ቃል አበላሸች፤ አስቁሜ አረምኳት። ሌላም ትንሽ ነገር ደርሷል። እሱ የእኔ ጥፋት አይደለም።

የመዝሙር ደብተሬን አላስረክብም። ለማርታ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ያለፈ የለም።

ማክሰኞ

የልጅ ልጄ ሳራ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት አለባትና በከተማው ባቡር፣ በሲ-ትሬን፣ ዳውንታውን ላይብረሪ ወሰድኳት። ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ስለ ኪድስ ኦፔራ፣ አባባ። ድሮ አሜሪካ ውስጥ፣ ላይክ፣ አክተሮቹ በሙሉ ልጆች የሆኑበት።»

እኔ ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። እንግሊዝኛን ያስተማረኝ መዝገበ ቃላት ነው። ሳራ ፎቶ ኮፒ ስታደርግ መዝገበ ቃላቴን ይዤ ቁጭ አልኩና አንዱን መጽሐፍ አነበብኩ።

ነገሩ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ነው። የስምንትና የአሥር ዓመት ልጆች ሰብስበው፣ ጢም ለጥፈውላቸው፣ የባሕር አዛዥና ሙሽራ አድርገው በባቡር ከከተማ ከተማ ያዞሯቸው ነበር። ሕዝቡ ወደዳቸው። ልጆቹ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ይዘፍናሉ፤ የሚሉትን አያውቁትም፤ ትልልቆቹ ይስቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ይህ ነውር ነው ያሉ ሰዎችም ነበሩ። አሠልጣኞቹ ግን «ልጆቹ ደስተኞች ናቸው፣ ሥነ ሥርዓት እየተማሩ ነው» ይሉ ነበር።

አንድ ሥዕል አለ። ልጆቹ ጢም ለጥፈው ተሰልፈዋል። ዳር ላይ አንድ ሽማግሌ እጁን አንስቶ ቆሟል። ሰውየውን ጠላሁት።

ሳራ በትከሻዬ በኩል አይታ ሳቀች። «አባባ! ሂ ሉክስ ላይክ ዩ! እርስዎን ይመስላል!»

አልሳቅኩም።

ረቡዕ

ሰኞ «ትንሽ ነገር» ብዬ ያለፍኩትን ልጻፈው። በራሴ ደብተር ላይ ከዋሸሁ የት ነው እውነት የምናገረው?

ቤቲ ስምንት ዓመቷ ነው። «ስንጠራው ይሰማል» በሚለው መስመር ላይ «ማ»ን አጠበቀቻት። «ማ» ላልታ ስትነገር እግዚአብሔር ያዳምጠናል ማለት ነው። ስትጠብቅ ግን ጩኸቱ የሚሰማ ነገር ይሆናል፤ እንደ ጎረቤት ሬድዮ። እጄን አንስቼ መዝሙሩን አስቆምኩ። ከሰልፉ አውጥቼ ብቻዋን አቆምኳት። «አላልተሽ ድገሚ» አልኳት። አጠበቀች። ድገሚ። አጠበቀች። ሰባት ጊዜ። እንግዶቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ።

ከዚያ ቀሚሷ ረጠበ። በነጩ ካልሲዋ ወርዶ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

አይቻለሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው። አይቼ «ስምንተኛ፣ ድገሚ» አልኩ። ማርታ ሮጣ መጥታ አቅፋ ወሰደቻት።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ሳራን ጠራኋት። «ስንጠራው ይሰማል» ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኳት። እሷም ከመዘምራኑ ጋር ሁለት ዓመት ዘምራዋለች። ጣሪያውን አየች።

«ላይክ... ጎድ ኢዝ ላውድ?» እግዚአብሔር ይጮኻል ማለቷ ነው።

«ማነው እንዲህ ያስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት እኮ። ካሴቱ ላይ።»

ሐሙስ

ልጆቹ ፊደል ስለማያነቡ መዝሙሩን በድምፄ ቀድቼ ለየቤታቸው ካሴት ሰጥቻቸው ነበር። በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ክልክል ነው ብዬ ነበር። ቤቲ ደብቃ የጻፈችውን ወረቀት ቀድጄባታለሁ። ሳራም እንደ ቤቲ ጽፋ ኖሯል፤ ፍራሽ ሥር ደብቃ ተረፈላት። ዛሬ አውጥታ አሳየችኝ። «ይሰማል» የሚለው ላይ ኤም ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

ካሴቱን ከፈትነው። የራሴ ድምፅ። «ማ» ጠብቃለች። በየአዝማቹ፣ አንድም ሳትስት።

የእናቴ ቋንቋ ትግርኛ ነው። በትግርኛ «ይሰምዕ» ስንል «ም» ትጠብቃለች። አማርኛን የተማርኩት አስመራ ጋራዥ ስሠራ ከጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣ ላይ ደግሞ የላላውም የጠበቀውም ፊደል መልኩ አንድ ነው። ሕጉን ዓይኔ ያውቃል፤ ምላሴ ግን ስትዘምር ወደ እናቷ ትሄዳለች። የፓስተሩን አማርኛ ሳይቀር ያረምኩ ሰው ነኝ። ጆሮዬ ለሰው እንጂ ለራሴ አልተሠራም።

ልጅቱ ስምንት ጊዜ የታዘዘችው እኔን በትክክል በመስማቷ ነው።

ምሳ አልበላሁም። ሳራ ካሴቱን ልታጠፋልኝ ፈለገች። ተይው አልኳት።

ቅዳሜ

ሁለት አውቶቡስ ይዤ ከሰፈሬ ከካስልሪጅ ወደ ማርታ ሰፈር ዶቨር ሄድኩ። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ነው። ካሴትና ቴፕ በፌስታል ይዣለሁ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳጠና ነበር፤ በሩ ሲከፈት ጠፋብኝ።

ማርታ ፌስታሉን አየች። «ይግቡ፣ ጋሼ» አለች። ቤቲ ካርቱን ታያለች። ስታየኝ ትራሱን አቀፈች።

ካሴቱን ከፈትኩ። «ቤቲ፣ የተሳሳተው ማነው?»

እናቷን አየች። «...እርስዎ?»

«አዎ። እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጠጠር ነበር፤ ግን ወጣ።

ማርታን አስተምሪን አልኳት። ቃሉን ቀስ ብላ አለችው። ቤቲ ወዲያው ያዘችው። እኔ አጠበቅኩ። ቤቲ ትራሱን ለቀቀች። «ኖ፣ ጋሼ! ይድገሙ!» ደግሜ አጠበቅኩ። «አጌን!» እያለች በጣቷ ቆጠረች። በአምስተኛው ወጣልኝ። ሳቀች። በእኔ ነው የሳቀችው፤ ይገባኛል።

ስወጣ ማርታ እስከ በሩ ሸኘችኝ። «እኔ ትቼዋለሁ፣ ጋሼ። እሷ ግን ልጆቹ ይስቁብኛል ብላ ቸርች አልሄድም ትላለች።»

እሑድ

ማስታወቂያ ሲነበብ ሳልጠየቅ ተነሣሁ። «ቤቲ የዘመረችው እኔ ያስተማርኳትን ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ምላሴ የትግርኛ ነው፤ እሷ አላጠፋችም።» ብዬ ተቀመጥኩ። ስለ ቀሚሱ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ቤቲ ዘግይታ መጥታ ከኋላ እናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ወደ ልጆቹ አልሄደችም። ሲዘምሩ ግን ዞር ብዬ አየኋት፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ትመለስ እንደሆነ አላውቅም።

ወንድም ዳንኤል «ጋሼ፣ እንግዲህ ይመለሱ» አለኝ። አልመለስም አልኩ። የመዝሙር ደብተሩን ሰጠሁት። ፓርኪንግ ላይ ሁለት ሰዎች ያዙኝ። «ጋሼ፣ ለመሆኑ ያን ቀን ምን ነበር የሆነው? እኛ እኮ አልነበርንም።» እያዘኑልኝ ነው የጠየቁኝ። መልስ ሳልሰጥ ልጄ፣ የሳራ እናት፣ ወደምትነዳው መኪና ገባሁ። ሳራም በመንገድ ላይ ልታወራኝ ሞከረች፤ ሬድዮውን ከፈትኩት።

ጥፋቴን አንዴ በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። ደግሜ ባነሣሁት ቁጥር የሚነሣው የእኔ ስም አይደለም፣ የልጅቱ ቀሚስ ነው። ማንም ይጠይቅ፣ ፓስተሩም ቢሆን፣ ልጄም ብትሆን፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር አልናገርም። እዚህ ደብተር ላይም አልጽፍም።